ራምቦ፦ በ20 ዓመቱ ጫማውን ሰቅሎ ሐረር ላይ ነጋዴ የሆነው ባለተሰጥኦ

ሐረር ቢራ በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት በነበረበት ዘመን ክለቡን ተከትሎ ከአዲስ አበባ ሐረር የወረደ ደጋፊ ሁሉ አንድ ነገር ያስታውሳል። ጨዋታው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ከአቦከር አልቤርጎው ወጥቶ ጀጎል ውስጥ ሲንሸራሸር የሰፈር ልጆች ከበው ራምቦ ቤትን እናሳይህ ይሉታል። ደጋፊው ወዲያው ትዝ የሚለው በቪዲዮ ቤት ያየው፣ ግንባሩ ላይ ጨርቅ አስሮ መትረየስ የሚያንጣጣው ሲልቨስተር ስታሎን ነው። ራምቦ ደግሞ ሐረር ምን ሊሠራ መጣ ብሎ እየሳቀ ልጆቹን ይከተላል።

ቤቱ ጋ ሲደርስ የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት፣ ባለ ቀለም መስታወት፣ ውስጡ የድሮ ሐረር ፎቶግራፎችና የአንድ ቀጭን ፈረንጅ ምስል። ሰውየው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። የሚገርመው የልጆቹ ግራ መጋባት ያን ያህል ስህተት አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ በ1972 ዓ.ም የፊልሙን መነሻ ልቦለድ የጻፈው ዴቪድ ሞሬል ለጀግናው ስም ሲፈልግ የዚህን ገጣሚ ሥራ እያነበበ ነበር፤ ሚስቱ ደግሞ ራምቦ የሚባል የፖም ዓይነት ገዝታ መጣች፤ ሁለቱ ገጠሙና ስሙ ተወለደ።

ስለ ቤቱም እውነቱን መናገር ይሻላል። ራምቦ እዚያ ቤት ኖሮ አያውቅም። ቤቱ እሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ በአንድ ህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ሰውየው ሐረር ውስጥ ኖሯል፣ ነግዷል፣ ታሟል፤ ይሄ ግን እውነት ነው።

ይሄ በስፖርት ገጽ ላይ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገስ። የምንተርከው ገና በታዳጊ ዕድሜው ከትልልቆቹ በልጦ የታየ፣ ከዚያ በ20 ዓመቱ ገደማ በገዛ ፈቃዱ ጫማውን የሰቀለ፣ በመጨረሻም በጉልበቱ የተሸነፈ ሰው ታሪክ ነው። ኳስ ተመልካች እንዲህ ያለውን ታሪክ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የሻርልቪሉ ታዳጊ

አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ ጥቅምት 20 ቀን 1854 ዓ.ም በሰሜን ፈረንሳይ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ አልጄሪያ የዘመተ የእግረኛ ጦር ሻምበል ሲሆን ልጁ 6 ዓመት ሲሞላው ቤቱን ጥሎ እንደወጣ አልተመለሰም። እናቱ ቪታሊ ኩዊፍ ልጆቿን ብቻዋን በጥብቅ ሥርዓት አሳደገች።

ልጁ በትምህርት ቤት የሚያክለው አልተገኘም። በላቲን ቋንቋ ግጥም እየጻፈ ሽልማቱን ይጠራርግ ነበር። ነገር ግን እግሩ አንድ ቦታ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ በ1870 ዓ.ም ፈረንሳይና ፕሩሺያ ሲዋጉ፣ ገና 15 ዓመቱ ላይ፣ ከቤት ጠፍቶ ፓሪስ ገባ፤ የባቡር ቲኬት ስላልነበረው ከጣቢያው ወደ እስር ቤት ተወሰደ። መምህሩ ዦርዥ ኢዛምባር ነው ያስፈታው።

በ1871 ዓ.ም፣ ገና 17 ዓመት ሳይሞላው፣ በዘመኑ ስም ያለው ባለቅኔ ፖል ቨርሌን ግጥሞቹን አይቶ ወደ ፓሪስ አስጠራው። በዛሬ ቋንቋ ከታዳጊ ቡድን በቀጥታ ወደ ዋናው ቡድን ገባ ማለት ነው። ልጁ ሲመጣ ስለ ሰከረች ጀልባ የጻፈውን ረዥም ግጥም በኪሱ ይዞ ነበር። እስከ ዛሬም በፈረንሳይኛ ከተጻፉት ታላላቅ ግጥሞች መሐል ይቆጠራል።

የመጀመሪያዋ ጥይት

የራምቦና የጦር መሣሪያ ትውውቅ በሐረር አልጀመረም። ቨርሌን ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን ትቶ ከወጣቱ ጋር በለንደንና በቤልጂየም ሲንከራተት ቆየ። ሁለቱ ይዋደዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እ.ኤ.አ ሐምሌ 10 ቀን 1873 ዓ.ም ብራስልስ ውስጥ ራምቦ ጥዬህ እሄዳለሁ ሲል ቨርሌን በዚያው ጠዋት የገዛትን ሽጉጥ አወጣና ሁለት ጊዜ ተኮሰ። አንዷ የወጣቱን ግራ አንጓ መታች። ራምቦ በኋላ ክሱን ቢያነሳም ፍርድ ቤቱ ቨርሌንን ሁለት ዓመት አሰረው።

ያች 7 ሚሊ ሜትር ለፎሾ ሽጉጥ በ2016 ዓ.ም (እ.ኤ.አ) ፓሪስ ላይ ለጨረታ ቀርባ በ434,500 ዩሮ ተሽጣለች። የሚያሳዝነው ራምቦ በሕይወቱ ሙሉ ቢለፋ የዚህን ገንዘብ ጥግ አለመንካቱ ነው።

በዚያው ዓመት አንድ ትንሽ መጽሐፍ ብራስልስ ላይ አሳተመ፤ የሕትመቱን ዋጋ ጨርሶ ስላልከፈለ አብዛኛው ቅጂ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጻፈና በቃ ተወው። በ20ና በ21 ዓመቱ መካከል ሜዳውን ለቀቀ። አልተጎዳም፣ አልተባረረም፣ ተሰጥኦውም አልከዳውም። ዝም ብሎ ወጣ። ለምን እንደሆነ ለማንም አላስረዳም፤ ሊቃውንቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል።

በእግሩ ወደ ሐረር

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ጉዞ ነው። በ1876 ዓ.ም የሆላንድ ቅኝ ግዛት ጦር ውስጥ ተቀጥሮ እስከ ጃቫ ድረስ ሄደና ከዚያ ከድቶ ተመለሰ። በ1878 ዓ.ም የአልፕስ ተራራን በበረዶ መሐል በእግሩ አቋርጦ ጣልያን ገባ። ቆጵሮስ ላይ የድንጋይ ካባ ኃላፊ ሆነ። የእኛ አገር ሯጮች አሰልጣኝ ቢያየው ኖሮ ለጽናቱ ብቻ ይመለምለው ነበር።

በ1880 ዓ.ም ኤደን ደረሰና በአልፍሬድ ባርዴ የንግድ ድርጅት ተቀጠረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በዘይላ በኩል በረሃውን አቋርጦ ሐረር ገባ። ከተማይቱ ከ1875 ዓ.ም ጀምሮ በግብፆች እጅ ነበረች። ሥራው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ መግዛት ነው።

ከሐረርና ከኤደን ወደ እናቱ የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ግጥም አንዲት ቃል የለችም። የሚጠይቀው መጻሕፍት ነው፤ መጻሕፍቱ ግን ስለ ብረታ ብረት፣ ስለ አናጢነት፣ ስለ ግንበኝነት፣ ስለ ባሩድና ስለ ጨው ፒተር ናቸው። ሁሉንም ነገር በእጁ መሥራት የሚያምረው ሰው ሆኖ ነበር። የፎቶግራፍ ካሜራ አስመጥቶም በ1883 ዓ.ም ሐረር ላይ ፎቶ አንስቷል።

ከሁሉም የሚገርመው በ1882 ዓ.ም ጥር ላይ ከኤደን የጻፈው ደብዳቤ ነው። የተጻፈው ለፓሪሱ ጠመንጃ ሠሪ ደቪም ነበር። ዝሆን አዳኝ ቡድን ላቋቁም ነው ብሎ ለዝሆን ብቻ ተብሎ የሚሠራ ልዩ ጠመንጃ እንዳለ ጠየቀው። እንዴት እንደተሠራ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ጥይቱ ከምን እንደሚዘጋጅ ሁሉ ዘረዘረ። መጀመሪያ ለሙከራ ሁለት፣ ከተስማማው ደግሞ ግማሽ ደርዘን እገዛለሁ አለ። በኋላ በሚታወቀው ታሪኩ ግን ዝሆን አዳኝ አልሆነም። የዝሆን ጥርስ ነጋዴ እንደሆነ ቀረ። ስለ ጥሩና ስለ መጥፎ ጠመንጃ ልዩነት ጠንቅቆ ያውቅ እንደነበር ግን ደብዳቤው ይመሰክራል። ቀጥሎ የመጣው ሥራው ሲታይ ይሄ እውቀቱ ነገሩን መራራ ያደርገዋል።

1886፦ የመድፈኞቹ ዓመት

በ1884 ዓ.ም ግብፆች ሐረርን ለቀው ሊወጡ ሲሉ የባርዴ ቅርንጫፍ ተዘጋና ራምቦ ወደ ኤደን ተመለሰ። በ1885 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ፒየር ላባቱ ከሚባል የሸዋ ነጋዴ ጋር ውል ፈረመ። ውሉ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ማስገባት ነበር። ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ!

ጠመንጃዎቹ ምን ዓይነት ነበሩ? አባቶቻችን ለየጠመንጃው ስም ነበራቸው፤ ስናድር፣ ረሚንግቶን፣ ውጅግራ፣ ምንሽር ይሉ ነበር። ረሚንግቶንና ውጅግራ ከኋላ የሚጎርሱ፣ ጥይታቸው ቀለሃ ያለው ነው። የራምቦ ጠመንጃዎች ግን ከእነዚህ ሁሉ የቀደሙ ባለ ካፕሱል ነበሩ። ባሩድና እርሳሱ በአፈሙዝ በኩል ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ተኳሹ ከአንድ ጥይት በኋላ ሌላ እስኪያጎርስ ባላጋራው ደጋግሞ ይተኩስበታል። የአውሮፓ ጦር ቀደም ብሎ ጥሏቸው ሊየዥ ከተማና ፈረንሳይ ውስጥ አሮጌ መሣሪያ ነጋዴ ዘንድ በ7 እና በ8 ፍራንክ ይሸጡ ነበር። ሸዋ ላይ የሚጠየቅባቸው ወደ 40 ፍራንክ ነው። የዝሆን ጠመንጃውን ሲያዝ ያን ያህል የተጠነቀቀው ሰው ለሰው ጦርነት የመረጠው ይህንን ነበር።

ራምቦ ታጁራ ወደብ ላይ ደርሶ ግመል ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀረው። በ1886 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ የፈረንሳይ ባለሥልጣናት መሣሪያ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከለከሉ፤ አቤቱታ ጻፈ። ሸሪኩ ላባቱ በካንሰር ታሞ አገሩ ገብቶ ሞተ። አብሮት ሊጓዝ የነበረው ሌላው መሣሪያ ነጋዴ ፖል ሶሌዬም ኤደን ላይ ሞተ። በዚያው ዓመት ፓሪስ ውስጥ አንድ መጽሔት የራምቦን ግጥሞች ያወጣ ነበር፤ ግን እንደ ሟች ቆጥሮት ነው። ዝናው ፓሪስ ላይ ሲወለድ ባለቤቱ ታጁራ አሸዋ ላይ ጠመንጃ ይቆጥራል።

የአርሰናል ደጋፊዎች እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡን። በዚያው 1886 ዓ.ም ለንደን ዎሊች ውስጥ የንጉሣዊው መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች የኳስ ቡድን መሠረቱ። ታኅሣሥ 11 ቀን የመጀመሪያ ጨዋታቸውን አድርገው ኢስተርን ዋንደረርስን 6 ለ 0 አሸነፉ። መድፈኞቹ የሚለው ስምና ማሊያው ላይ ያለው መድፍ ከዚያ የመጣ ነው። ያን ቀን ራምቦ የአፋርን በረሃ ከግመሎቹ ጋር እያቋረጠ ነበር። አንዱ አገር መሣሪያ የሚሠራው ሠራተኛ ከሥራ መልስ ኳስ ይጫወታል፤ ሌላው አገር የአውሮፓን ውራጅ ጠመንጃ በአምስት እጥፍ ዋጋ ይጠብቃል። ያን ጊዜ የነበረው የኃይል ልዩነት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገዋል?

ኢልግ በእጁ የሠራው ጠመንጃ

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሰው ማስገባት ግድ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከራምቦ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደ ሲሆን በ1879 ዓ.ም አንኮበር ገብቶ ለምኒልክ ይሠራ ነበር። ንጉሡ መጀመሪያ ጫማ እንዲሠራላቸው አዘዙት፤ ሠራ። ቀጥለው ጠመንጃ ሥራልኝ አሉት። ኢልግ ከአውሮፓ ማስመጣቱ ይረክሳል ብሎ ቢከራከርም ንጉሡ አልተቀበሉትም። ኢልግም በብዙ ልፋት አንድ ጠመንጃ በእጁ ሠርቶ አቀረበ፤ ምኒልክም ከመሣሪያዎቻቸው ስብስብ ጋር አኖሩት።

በሂሳብ ካየነው ኢልግ ትክክል ነበር፤ አፈሙዙ፣ ምላጩ፣ ሰደፉ አንድ በአንድ በእጅ ሲሠራ የአንዱ ጠመንጃ ድካም ብዙ ጠመንጃ ያስገዛል። ለእኔ የሚመስለኝ ግን ንጉሡ የፈለጉት ጠመንጃውን ሳይሆን መልሱን ነው። እዚህ አገር ይሠራል ወይስ አይሠራም? አፄ ቴዎድሮስም ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ኢልግ እንደሚሠራ አሳየ፤ አንድ ጠመንጃ ግን ጦር አያስታጥቅም። ስለዚህ እንደ ራምቦ ያለ ነጋዴ አስፈለገ።

እንጦጦ ላይ የተበላው ነጋዴ

ራምቦ ከአራት ወር መንገድ በኋላ እ.ኤ.አ የካቲት 6 ቀን 1887 ዓ.ም አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም። በዚያው ጥር ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። ራምቦ የኖረባት ከተማ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር እሱ መንገድ ላይ ነበር። ንጉሡን ሊያገኝ ወደ እንጦጦ ወጣ።

ንጉሡ በንግድ ከእሱ ይበልጡ ነበር። ከሐረር ድል በኋላ አሮጌ ጠመንጃ ያን ያህል አያጓጓቸውም። ዋጋውን ጨምቀው ወደ 9,000 ማርትሬዛ ብር አወረዱት፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ላባቱ የነበረበትን ዕዳ ቀነሱ። የላባቱ ባለዕዳዎች በሙሉ፣ ሚስቱም ጭምር፣ ራምቦን ከበቡት። የተረፈውን ደግሞ በጥሬ ብር አልሰጡትም፤ ሐረር ሂደህ ከመኮንን ተቀበል የሚል ወረቀት ጻፉለት።

በግንቦት ወር ከአሳሹ ጁል ቦሬሊ ጋር ከእንጦጦ ወደ ሐረር ወረደ። ከዚያ ካይሮ ሲደርስ ከ16,000 ፍራንክ በላይ ወርቅ ወገቡ ላይ ታጥቆ ነበር። እሱ ራሱ እንደጻፈው ክብደቱ 8 ኪሎ ገደማ ስለነበረ ሆዱን ያሳምመዋል። ገንዘቡ ቀላል ባይሆንም ለሁለት ዓመት ልፋት፣ ለሁለት ጓደኛ ሞትና ለዚያ በረሃ ግን ኪሳራ ነበር።

እነዚህ ጠመንጃዎች ናቸው አድዋን ያሸነፉት የሚል ወሬ አለ። እንዲህ ማለት ይከብዳል። ምኒልክ ከ1887 እስከ 1896 ዓ.ም ባለው ጊዜ ከፈረንሳይም፣ ከራሷ ከጣልያንም፣ ከሌላውም እጅግ የተሻለ መሣሪያ አስገብተዋል። የራምቦ ጭነት በዚያ ረዥም ሰልፍ ውስጥ ካሉት አንዱ፣ እሱም ደካማው ነበር።

ጉልበቱ

በ1888 ዓ.ም ራምቦ ሐረር ተመልሶ የራሱን ንግድ ከፈተ። ኤደን ያለው ነጋዴ ሴዛር ቲያን ሸሪኩ፣ ኢልግ ደግሞ ደንበኛውና የደብዳቤ ጓደኛው ሆኑ። ጨርቅ፣ ድስት፣ ዕቃ ዕቃውን ይልካል፤ ኢልግም አንዳንዱ ሸዋ ላይ እንደማይሸጥ እየጻፈ ያሾፍበታል። ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ መኮንን፣ የሐረር ገዢ ሆነው ያውቁታል፣ ያከብሩታልም።

ባሪያ ይነግድ ነበር የሚለው ስም ለረዥም ዓመታት ሲወራበት ኖሯል። ነጋዴ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ነገር ግን ለራሱ አገልግሎት አንድ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲፈልግለት ኢልግን ጠይቆ ኢልግ ባሪያውን እምቢ ብሎታል። ጀግና ለማድረግ ብለን ይሄንን ብንደብቅ ትክክል አይሆንም።

በ1891 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። ኳስ ተጫዋች የሆነ ሰው የሚቀጥለውን ያውቀዋል፤ ይለፍልኛል ብሎ አላረፈም፣ መራመዱንም መጋለቡንም ቀጠለ። ሐረር ላይ የሚያክመው ሐኪም አልነበረም። እግሩ ሲደርቅ ሱቁን በርካሽ ዘግቶ፣ በራሱ ንድፍ ቃሬዛ አሠርቶ፣ እ.ኤ.አ ሚያዝያ 7 ቀን በ16 ሸካሚዎች ተይዞ ከሐረር ወጣ። አልፕስን በእግሩ ያቋረጠው ሰው እስከ ዘይላ ያለውን በረሃ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት በሰው ትከሻ ተሻገረው።

ግንቦት 27 ቀን ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። ራስ መኮንን ይህን ሰምተው የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፉለት። ሕመሙ ካንሰር ስለነበር መቁረጡ አላዳነውም። እናቱ ቤት ጥቂት ሳምንት ሰነበተና ወደ ማርሴይ ተመለሰ፤ ሐሳቡ ሌላ ሳይሆን መርከብ ይዞ ሐረር መግባት ነበር። በሞት አልጋው ላይም ሐረሬውን አሽከሩን ጃሚን ይጠራ ነበር፤ ገንዘብም ተናዘዘለት። ገንዘቡ ሲደርስ ጃሚም ሞቶ ስለነበር ለወራሾቹ ተሰጠ።

ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ለእህቱ ለኢዛቤል አንድ ደብዳቤ አጻፈ። የተላከው ለመርከብ ኩባንያ ሲሆን ወደ መርከቡ በስንት ሰዓት እንደሚያደርሱት የሚጠይቅ ነው። በማግስቱ፣ እ.ኤ.አ ኅዳር 10 ቀን 1891 ዓ.ም፣ በ37 ዓመቱ አረፈ።

ገጣሚው ያወቀው ዝና የለም፤ ነጋዴው ያተረፈው ሀብት የለም። ሸዋ ያስገባቸውን ጠመንጃዎች ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ በ20 ዓመቱ የተዋቸው ግጥሞች ግን በዓለም ዙሪያ ይነበባሉ። በየሰፈሩ ሜዳ ተሰጥኦ እያላቸው ለዕለት እንጀራ ብለው ኳሱን የሚተዉ ስንት ልጆች እናውቃለን! እነሱን ስናይ ሰነፍ ናቸው ብለን ከመፍረድ በፊት ራምቦን ማስታወስ ጥሩ ነው። ስለዚህ ደጋፊ ሆይ፣ ወደ ሐረር ስትሄድ ልጆቹ ራምቦ ቤትን እናሳይህ ካሉህ አትሳቅ። ግባ፣ ፎቶዎቹን እያቸው። ቤቱ የእሱ ባይሆንም ከተማዋ ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ሊመለስባት የፈለገ ከተማ ነበረች።